ደረቅ ጓል በዋስ ደጅ

አሁን አሁን ይችን ምሳሌ የማይላት የለም። በቀጠሮው የተገኘም፣ እሸከማለሁ ያለውን የተሸከመም፣ ደረቱን ነፍቶ ጣል ያደርጋታል። ይበል፣ ማን ይከለክለዋል። ግን ተረት ሁሉ እንዲሁ ከአፍ አልወደቀም፤ አንዳንዱ ከሰው ጉበት ተቆርሶ የወጣ ነው። የዚችን መነሻ የሚያውቅ ሰው ደረቱን አይነፋባትም፤ አንገቱን ይደፋል እንጂ። እሷን ከታሪኩ መጨረሻ ታገኟታላችሁ፤ እስቲ መጀመሪያ ታሪኳን ስሙኝና ከዚያ ወዲያ እንዳሻችሁ በሏት።

ቆቂት የምትባል ወንዝ ነበረች፤ በጋ ከክረምት የማትነጥፍ። የአገሩ ሰው ከላይ ይጠልፋትና በቦይ ያወርዳታል። ቦዩ መጀመሪያ የላይ ቆቂትን ማሳ ያጠጣል፤ ከዚያ ተዳፋቱን ዞሮ ታች ቆቂት ይደርሳል። ይደርሳል የተባለው እንግዲህ ከተረፈ ነው። ውሃውን በተራ የሚያካፍል ሰው በየዓመቱ፣ መስቀል ካለፈ ወዲያ፣ ይመረጣል። የውሃ አባት ይሉታል። መመረጥ የፈለገ ሁሉ የቦዩ አፍ ላይ ይቆምና ይህን አደርጋለሁ፣ ያን አደርጋለሁ ይላል፤ ማሳ ያለው፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ከወደደው ሰው ኋላ ሄዶ ይሰለፋል። ብዙ ሰው ያሰለፈ የቦዩን ዶማ ይረከባል። ምርጫው ይኸው ነው።

የቆቂት ሰው ግን ሞኝ አልነበረም፤ ምላስ አጥንት እንደሌለው ያውቃል። ስለዚህ ተመራጩ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም «ያለውን ባያደርግ እኔን» ብሎ ይቆማል። ተመራጩ ቃሉን ያጠፋ እንደሆነ የተበደለው ሰው ከእሱ ጋር አፍ አይካፈትም። ከደረቀ ማሳው አንድ የአፈር ጓል ያነሣና ሄዶ ዋሱ ደጅ ያስቀምጠዋል። ዋሱ ያን ጓል በእግሩ አይገፋም፣ በእጁም አያነሣም። ወይ ውሃው እንዲደርስ ያደርጋል፣ ያኔ ባለጓሉ ራሱ መጥቶ ያነሣዋል፤ ወይ ሸንጎ ጠርቶ «ከዋስትናዬ ወርጃለሁ» ይላል። ዋሱ የወረደበት የውሃ አባት ዶማውን ያስረክባል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ዕድሜ ልኩን ከቦዩ ተራ የለውም። አራሽ ሰው የውሃ ተራ ከሌለው አገሩን ጥሎ መሄድ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው።

አንድ ሌላ ሕግም ነበረ፤ ሥጋ ለሥጋ አይዋስም። አባት ለልጁ፣ ወንድም ለወንድሙ ዋስ አይቆምም። ይችን ሕግ ያወጡ አዛውንቶች የሰው ሆድ የቱ ላይ እንደሚላላ ያወቁ ነበሩ።

አያ ጓንጉል የላይ ቆቂት ሰው ነው። እመጣለሁ ካለ ጎርፍ ቢሞላም ይመጣል። ድንበር የተጋፉ ሰዎች በመሐላ ያልታረቁትን በእሱ አንድ ቃል ይታረቃሉ። ሚስቱ ደብሬ ልጅ አልበረክትላት ብሎ ስንቱን ከቀበረች በኋላ አንድ ተረፈላትና ስሙን አለልኝ አሉት። አለልኝ መልኩ ያማረ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛ የሚያስቅ ልጅ ሆኖ አደገ። ክፉ አልነበረም። ይህን ልብ በሉ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩም በቀለለ።

በዚያ ዘመን የውሃ አባቱ ባሻ ፈንታ ነበር፤ የላይ ቆቂት ከበርቴ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚያለማ። ውሃው ሽንኩርቱ ላይ ውሎ ሽንኩርቱ ላይ ያድራል። ታች ቆቂት ያለው ቦይ የእንሽላሊት መሯሯጫ ሆኖ ቀረ። ባሻ ፈንታን ደፍሮ የሚወዳደረው ጠፍቶ ሲኖር፣ ያን ዓመት አለልኝ ተነሣ። ታች ቆቂት ወርዶ በየደጁ ዞረ፤ የተሰበረ ሞፈር ሲያይ ይጠግናል፣ አሮጊት ሲያይ እጅ ይስማል። «እኔ ብመረጥ ተራው ከግርጌ ይጀምራል» ይላል። «መጀመሪያ ታች ቆቂት ይጠጣል፤ ከዚያ ነው ወደ ላይ የምንወጣው።» እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት የላይ ሰው ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። የሰማው ሁሉ ልቡ ሸፈተ።

የምርጫው ቀን ይህንኑ የቦዩ አፍ ላይ ሲናገር፣ ማንጠግቦሽ የምትባል የታች ቆቂት ባልቴት ከሰው መሃል ድምፅዋን አሰማች።

«አፍህ ማር ነው፣ ልጄ። ዋስህ ማነው?»

አለልኝ ዞር ዞር አለ። የላይ ቆቂት ሰው ባሻ ፈንታን ፈርቶ መሬት መሬቱን ያያል። ያኔ አያ ጓንጉል ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሰዉ አጉረመረመ። አንድ አዛውንት «ኧረ አያ ጓንጉል፣ ሥጋ ለሥጋ እኮ አይዋስም» አሉት።

ቀድማ የመለሰችው ማንጠግቦሽ ነበረች። «እሱ ሕግ ለሌላው ነው» አለች። «አያ ጓንጉል ካለ አለ ነው። እኔ አምኜዋለሁ።» የታች ቆቂት ሰው ሁሉ «እውነቷን ነው» አለ። ማን ይከራከር።

አያ ጓንጉልም «የሱ ቃል የኔ ቃል ነው፤ ያጠፋ እንደሆን ከሱ በፊት እኔን ጠይቁኝ» አለ። ደስ ብሎት ነበር፤ ምን ይደበቃል። ልጁን አይቶ፣ የታመነበትን ሕዝብ አይቶ፣ ልቡ ሞላ። የመረጡት ልጁን ይሁን አባቱን እግዜር ይወቀው፤ ከአለልኝ ኋላ የቆመው ሰልፍ ግን ተዳፋቱን ዞሮ ጫፉ አይታይም ነበር።

ቤት ሲገባ ደብሬ አልሣቀችለትም።

«ልጅህንና ቃልህን ባንድ ቀንበር ጠመድካቸው» አለችው። «አንዱ ቢወድቅ ሌላው ቆሞ የሚቀር መስሎህ ነው?»

«ልጄን አላውቀውምና ነው?»

«ልጅህንማ ታውቀዋለህ። የማታውቀው ሹመትን ነው።»

አለልኝ ዶማውን በያዘ ሰሞን እንዳለው አደረገ። ውሃው የትም ሳይቆም ታች ቆቂት ደረሰ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ማንጠግቦሽ ጎተራዋ ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ እህል አውጥታ በቆሎ ዘራች። ከያዘላት ከርማ ትበላለች፤ ካልያዘላት መሬቷን ለባሻ ፈንታ ለቅቃ የዘመድ ቤት ጥገኛ መሆኗ ነው። የሰፈሩም ሰው እንደሷ ነበር፤ ቃሉን አምኖ ዘሩን መሬት ላይ አፈሰሰ።

ከዚያ ባሻ ፈንታ አለልኝን ቤቱ ጠራው። አልተቆጣውም። ፍሪዳ አርዶ፣ ጠጁን በሴት ልጁ እጅ አስቀዳለት። «እንዳንተ ያለ ወጣት ሲነሣ እኛ እርፍ እንላለን» አለው። ልጅቱ ቆንጆ ናት፤ አለልኝም ሰው ነው። ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ፣ ሠርጉ ለፋሲካ ማግሥት ተቆረጠ። ታዲያ ባሻ አንድ ቀን ልጁን እየሸኘ ትከሻውን ያዝ አደረገና «ሽንኩርቱ አንዲት ተራ ብቻ ቢያገኝ ይድን ነበር። እንግዲህ የባሻ ሽንኩርት ነው አትበል፤ ነገ ያንተው ነው» አለው። አንዲት ተራ ምን አላት? ያች አንዲት ተራ ግን ሌላ ወለደች፣ ሌላይቱም ሌላ ወለደች፤ ውሃው እንደ ዱሮው ሽንኩርቱ ላይ ማደር ጀመረ።

ታች ቆቂት ሲጠይቀው አለልኝ መልስ አያጣም። መጀመሪያ «ቦዩ ተደርምሶ ነው፤ እያስጠገንኩት ነው» አለ። ቀጥሎ «ወንዙ ዘንድሮ ቀንሷል» አለ። ከዚያ ደግሞ «ነገሩን የሚያጠኑ ሽማግሌዎች ሰይሜያለሁ» አለ፤ እነዚያን ሽማግሌዎች በዓይኑ ያያቸው የለም። ሁሉንም የሚናገረው እየሣቀ፣ እጅ እየጨበጠ፣ የልጆቹን ጤና በየስማቸው እየጠየቀ ነው። ሰው ተቆጥቶ ሄዶ ተደስቶ ይመለሳል። ቤቱ ሲደርስ ማሳው እንደደረቀ ነው።

አያ ጓንጉል ይህን ሁሉ ይሰማል። ግን አባት ነዋ። ቦዩ ተደርምሷል ሲሉት፣ ሄዶ ላለማየት በሬውን ይጠምዳል፣ አጥሩን ያጥራል፣ ሥራ ያበዛል። «ልጄ የዋሸ እንደሆን» የምትለዋ ሐሳብ ስትመጣበት «ኤድያ» ብሎ ያባርራታል። ኋላ ዕድሜ ልኩን የቆጨው ይኸው ነው። በመጀመሪያይቱ ተራ ጆሮውን ይዞ ቢመልሰው ኖሮ ልጁ ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ማንጠግቦሽ መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ጓል ፈታችና ደጁ ላይ አስቀመጠችው። ድንጋይ ሆኗል።

«ግቢ እንጂ፣ እህቴ» አላት።

«አልገባም፣ አያ ጓንጉል። በቆሎዬ ጠውልጓል። ልጅህን ብለምነው ነገ አለኝ። በነገው ብሄድ ነገ አለኝ። የሱን ነገ ጨርሼ ነው አንተ ዘንድ የመጣሁት።»

«ከጎተራዬ ልስፈርልሽ?»

«እኔ የተሰለፍኩት ለውሃ ነው፤ ለስፍር አይደለም» አለች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያኔ ሕጉ ለሌላው ነው፣ ላንተ አይደለም ያልኩት እኔው ነኝ። አፌን በያዘው ኖሮ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።» ጓሉን ትታ ሄደች።

አያ ጓንጉል ዱላውን አንሥቶ ቦዩን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። ቦዩ የትም አልተደረመሰም። ውሃው እየተንዶለዶለ ባሻ ፈንታ ሽንኩርት ውስጥ ይገባል፤ አለልኝ ዶማውን ተደግፎ ዳር ቆሟል። አባቱን ሲያይ ደንገጥ አለ፤ ወዲያው ግን ፈገግታው መጣለት።

«አባዬ፣ ምነው በዚህ ፀሐይ ወጡ?»

«ዛሬ ውሃው የማን ነው?»

«የታች ቆቂት ነበር፤ ባሻ ቸግሯቸው ነው እንጂ። ከርሞ እክሳቸዋለሁ፤ ይቺ ሠርግ ትለፍልኝ።»

«ማንጠግቦሽ ከርሞ ምኗን ዘርታ ነው የምታጠጣው?»

«የውሃ አባት ሁሉ ያደረገውን እኮ ነው ያደረግሁት። ባሻ ይህን ያህል ዘመን ሲያደርጉት ማን ጠየቃቸው?»

«ባሻ ከግርጌ እጀምራለሁ አላለም። አንተ አልክ። እኔም አልኩ።»

አለልኝ ሣቅ አለ። «ቃል እኮ እህል አይደለም፣ አባዬ። ቢቆይ አይነቅዝም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አያ ጓንጉል በዚች ጨዋታ ይሥቅ ነበር። ያን ለት ግን የቦዩ ዳር ተቀመጠ። «ልጄ፣ ውሃውን መልሰው» አለ። «አባት ልጁን ሲለምን አይተህ ታውቃለህ? ይኸው እየለመንኩህ ነው።»

አለልኝ አንገቱን ደፋ። አፈረ፤ እውነቱን ነው ያፈረው። «እሺ» ብሎ አባቱ እያየ ውሃውን ወደ ታች መለሰው። አያ ጓንጉልም መርቆት ወረደ። ተዳፋቱን እንደዞረ የባሻ ፈንታ ሰው መጥቶ «ባሻ ምን ሆኖ ነው ይላሉ» ሲለው፣ አለልኝ ቆም ብሎ አሰበና ውሃውን ወደ ሽንኩርቱ መለሰው።

በማግሥቱ አያ ጓንጉል ደጁን ሲከፍት ጓሉ በርክቷል። በሳምንቱ ደጁ የታረሰ መሬት መሰለ። ደብሬ ወንዝ ስትወርድ ስትመለስ በመካከሉ እየመረጠች ትራመዳለች እንጂ አንዱንም አልነካችም።

«ሸንጎ ልትጠራ ነው» አለችው።

«ምን ላድርግ፣ ደብሬ?»

«ዝም በል። ሰው ዝም ሲሉት ይረሳል። በቆሎ በየዓመቱ ይዘራል፤ እኔ ግን ሌላ አለልኝ አልወልድም።»

እውነቷን ነው፤ አያ ጓንጉልም ያውቀዋል። ሄዶ ግን ሸንጎ ጠራ።

የላይም የታችም ሰው የቦዩ አፍ ላይ ተሰበሰበ። ያኔ ሕጉን ያስታወሱት አዛውንት ቀድመው ተነሡ። «አያ ጓንጉል» አሉት፣ «ሥጋ ለሥጋ አይዋስም። ዋስትናህ ከመጀመሪያውም ዋስትና አልነበረም፤ ሕጉን የረሳነው እኛ ነን። ይችን በልና በነፃ ሂድ። ዋስ ከሌለ የሚወርድበት የለም፤ ልጁን እንገሥጸውና ዓመቱን ይጨርስ።»

 ከታች ቆቂት እንኳ ጥቂት ሰዎች «ይሁን፣ ይማረው» አሉ። የአያ ጓንጉልን ፊት ማየት ከብዷቸው ነው። ማንጠግቦሽ ግን ይማረው ከሚሉት አልነበረችም። አለልኝ አባቱን አየው። ፈገግታው የለም፤ ሕፃን ሳለ ሲያመው ያይ እንደነበረው ነው ያየው።  እዚያች ላይ አያ ጓንጉል ልጁን ማዳን ይችል ነበር፤ አዛውንቱ ያሉትን እሺ ማለት ብቻ ነው፤ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው።

«ያኔ ስነሣ ዋስ ነኝ ብዬ ነው የተነሣሁት» አለ በመጨረሻ። «እናንተም ዘራችሁን ስታፈስሱ ዋስ አለን ብላችሁ ነው ያፈሰሳችሁት። አሁን አልነበርኩም ብል በቆሎው ይሰማኛል?»  ከዚያ ወደ አዛውንቶቹ ዞረ። «ከዋስትናዬ ወርጃለሁ።»

አለልኝ ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ባሻ ፈንታ ያኑ ለት ሠርጉን አፈረሰ፤ ተራ ለሌለው ሰው ልጅ አይሰጥማ። አለልኝ ወደ አባቱ ቀረብ ብሎ «አንድ በጋ ቢታገሡኝ ምን ነበረበት?» አለ። አያ ጓንጉል እጁን ሊይዘው ቢዘረጋ አልሰጠውም። የእናቱን ጉልበት ስሞ፣ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ወረደ። ደብሬ እስከ ወንዙ ሸኘችው። 

ዶማው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ውሃውም ታች ቆቂት ደረሰ። በቆሎው ግማሹ ሞቶ ግማሹ ነፍስ ዘራ። ማንጠግቦሽ እሸት በላች፤ መሬቷም እጇ ላይ ቀረ። ባለጓሎቹም እየመጡ ጓላቸውን ከደጁ አነሡ። ሲያነሡ ቀና ብሎ ያየ የለም።

አጫጆቹ ሲመለሱ አለልኝ አብሯቸው አልነበረም። በዓመቱም አልመጣ። አንዱ ንዳድ ይዞት አየሁት ይላል፣ አንዱ ድንበር ተሻግሯል ይላል። አያ ጓንጉል በዚያ ዕድሜው ስንቁን ቋጥሮ ወደ ቆላ ወረደ። ከእርሻ እርሻ እየዞረ «አለልኝ የሚባል፣ ሣቂታ ልጅ አላያችሁም?» እያለ ጠየቀ። «አባት፣ እዚህ አገር ሣቂታ የለም» አሉት። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ብቻውን ተመለሰ።

መመለሱን የሰሙ የታች ቆቂት ሰዎች ቤቱ መጡ። ለቅሶ ይሁን ጥየቃ ራሳቸውም አላወቁት። እግዜር ያጽናህ እንዳይሉ ልጁ ሞተ ያለ የለም፤ እንኳን ደህና መጣህ እንዳይሉ ፊቱ አያስብልም። ተደርድረው ተቀመጡ። አንድ ጎልማሳ «አያ ጓንጉል» አለ፣ «እንዳንተ ያለ ቃል ጠባቂ ባገራችን አልታየም። ልጆቻችን ሲያወሩህ ይኖራሉ። እንዲያ ያለ ልብ ከወዴት አመጣህ?»

አያ ጓንጉል መልስ ፈለገ። ቆላ ለቆላ ሲዞር የከረመውም ይህንኑ ራሱን እየጠየቀ ነው። ከዋስትናው በመውረዱ አልተጸጸተም፤ ቢመለስም ያንኑ ያደርጋል። የተጸጸተው ሕጉን ጥሶ ዋስ በቆመባት ቀን ነው፤ ከዚያም ይልቅ እየሰማ ዝም ባለባቸው ቀናት። ልጁ ገና ከደጁ ሳይርቅ መያዝ ሲችል፣ ሸንጎ መሃል እስኪደርስ ጠበቀው። ይህን በመናገር ፈንታ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ተወው፣ አትጠይቀው» አለች ማንጠግቦሽ፤ ታለቅሳለች።

ደብሬ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከዚያ ሸንጎ ወዲህ ከታች ቆቂት ሰው ጋር አፏን ከፍታ አታውቅም። አሁንም አልጮኸችም፤ ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። «እሱ ካልነገራችሁ እኔ ልንገራችሁ» አለች። «ያ ውሃ እንዲሁ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ነገ ምረጡኝ ብሎ ቃል ለሚገባውም፣ አምኖ ለሚሰለፈውም፣ ዋስ ለሚቆመውም ንገሩልኝ፤ እዚህ ቤት የተፈረደው እንዲህ ተብሎ ነው፦ የተናገሩት ከሚጠፋ፣ የወለዱት ይጥፋ።»